የስንቅ ሠሪዋ ስም የት ተጻፈ?

በገንዳ ውሃ ከተማ በዓለም አቀፍ የሴቶች ቀን የቀረበ ዲስኩር



ከመተማ ዮሐንስ፣ ከኮኪት፣ ከሽንፋ፣ ከቋራና ከምዕራብ አርማጭሆ የመጣችሁ እናቶቼና እህቶቼ፤ ሥራችሁን አቋርጣችሁ የተገኛችሁ ገበሬዎችና ነጋዴዎች፤ ከድንበር ማዶ ከሱዳን ጦርነት አፈናቅሏችሁ ዛሬ ከመካከላችን የተቀመጣችሁ እንግዶቻችን፤ የቆላው ፀሐይ ሳይበረታብን ልጀምር።

ጋባዦቼ የሰጡኝ ርእስ «ሴቶችና የፋብሪካ ሥራ በጦርነት ዘመን» የሚል ነው። ስልክ የደወለልኝን ወጣት «ልጄ፣ እኛ ቆላ ጡሩምባ ነፍቶ ሠራተኛ የሚጠራ ፋብሪካ የት አለና?» ብዬ ጠየቅሁት። «እትዬ፣ እርስዎ ታሪክ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ነዎት፤ ፈልገው ያምጡልን» አለኝ። እኔም ፈለግሁ፤ ያገኘሁትን ይዤ መጥቻለሁ።

ነገሬ ይህ ነው። ጦርነት በመጣ ቁጥር የዚህ አገር ሴቶች አንድ ትልቅ ፋብሪካ የሚሠራውን ሥራ ሠርተዋል። ጥሬውን ተቀብለዋል፣ አዘጋጅተዋል፣ አሽገዋል፣ ለሠራዊት አድርሰዋል። የሠሩት ተበልቶ ጦር ተዋግቶበታል። ስማቸውን የያዘ መዝገብ ግን የለም። ይህችን ነገር ዛሬ ደጋግሜ አነሣታለሁ፤ አትሰልቹብኝ፣ የመጣሁት ለእሷ ነውና።

መንገዴን አስቀድሜ ላመልክታችሁ። ስለ ሌላው ዓለም ጥቂት ብዬ ወደ ራሳችን የስንቅ ታሪክ እገባለሁ፤ ረጅሙ እሱ ነው። ከዚያ ጦርነት በፋብሪካ ሠራተኞቻችን ላይ ያደረሰውን አነሣለሁ። ማረፊያዬ እዚሁ ከተማችን ያለው የሰሊጥ መጋዘን ነው።

እንግዲህ ከሩቁ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1918፣ የእንግሊዝ ወንድ ወደ ፈረንሳይ ምሽግ ሲዘምት ሴቷ ወደ ጥይት ፋብሪካ ገባች። ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል በጦር መሣሪያ ምርት ላይ የተሰማሩት ሴቶች አንድ ሚሊዮን ሊሞሉ ጥቂት ነበር የቀራቸው። ቲኤንቲ የተባለውን ፈንጂ ቀለህ ውስጥ ሲሞሉ ስለሚውሉ ቆዳቸውና ፀጉራቸው ቢጫ ይሆን ነበር፤ በአንዲት ቢጫ ወፍ ስም «ካናሪ» ብለው የሚጠሯቸው ለዚህ ነው። በሊድስ ከተማ አጠገብ ባርንቦው በሚባል ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1916 አንድ ክፍል ውስጥ ፍንዳታ ደርሶ 35 ሴቶች ሞቱ። የጦርነት ምሥጢር ነው ተብሎ ያን ጊዜ ጋዜጣ እንዲዘግበው አልተፈቀደም። ጦርነቱ ሲያልቅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1919 የወጣ ሕግ ፋብሪካዎቹ ከጦርነቱ በፊት ወደነበረው አሠራር እንዲመለሱ አዘዘ፤ ብዙ ሴቶች ከሥራቸው ወጡ።

ይህ ሁሉ ግፍ እያለ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ከወንዱ ያነሰ ቢከፈላቸውም ስማቸው በደመወዝ መዝገብ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1918 የለንደን የአውቶቡስና የትራም ሠራተኛ ሴቶች ለወንዶቹ የተጨመረው ጉርሻ ለእኛም ይገባል ብለው ሥራ ሲያቆሙ፣ ሊጠይቁ የቻሉት ተቀጣሪ መሆናቸው የተጻፈ ስለነበረ ነው። ጠየቁ፤ ተጨመረላቸውም። ባርንቦው ላይ የሞቱትም 35 ናቸው ብለን ዛሬ የምንናገረው ስለተመዘገቡ ነው።

ያ የሩቅ ፋብሪካ ደግሞ ከኛ ቆላ ጋር ተገናኝቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ብርጋዴር ስሊም የሚባል የእንግሊዝ አዛዥ ጦሩን ይዞ ከመተማ ማዶ ገላባት ላይ የነበረውን ጣሊያን አጠቃ። ገላባትን ያዘ፣ መተማ ላይ ግን አልሆነለትም፣ ከቀናት በኋላ ወደ ኋላ ተመለሰ። በዚያው ዘመን እንግሊዝ አገር ሴቶች በድጋሚ በጥይት ፋብሪካዎች ተሰልፈው ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1941፣ ያላገቡ ወጣት ሴቶች ለብሔራዊ አገልግሎት እንዲጠሩ ሕግ ወጣ። እነዚያ እጆች ከሞሉት ቀለህ ውስጥ መተማ ድንበር ላይ ያረፈ ሊኖር ይችላል። ጥይቱን የሞላችው ሴት በመዝገብ ላይ አለች። ገላባት በተጠቃበት ወር ከዚህ ወደ አርማጭሆ በረሃ ለአርበኛው ዱቄት የተሸከመችው ሴት ግን የለችም። እናንተ አርበኛውን አሞራው ውብነህን ታውቃላችሁ። ያበላችውን ሴት ግን ከመካከላችን ማን በስም ይጠራታል?

አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ ልግባ።

የዚህ ዞን ልጅ ከሆነው ልጀምር፤ ከቋራው ካሳ፣ ከዐፄ ቴዎድሮስ። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያቋቋሙት የመድፍ መሥሪያ በአገራችን የጦርነት ፋብሪካ ተብሎ ሊጠራ የሚችል የመጀመሪያው ይመስለኛል። ሴባስቶፖል የተባለው 7 ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ እዚያ ተሠርቶ፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ወጥቷል። የአውሮፓውያኑ ባለ እጆች ስም ተጽፏል፤ ዋልድማየርን፣ ዛልሙለርን፣ ሞሪትዝ ሆልን በመጽሐፍ እናገኛቸዋለን። መንገድ እየጠረገ፣ ገደል እየናደ መድፉን ለወራት የጎተተው ሠራዊት በየማታው ሲሰፍር ግን የሚበላው ነበረ። እሱን ማን ፈጨው? ማን ጋገረው?

በድሮው ሠራዊት የመንግሥት ስንቅ ክፍል የሚባል ነገር እንደ ዛሬው አልነበረም። ወታደሩ የሚዘምተው ከሚስቱ፣ ከእህቱ፣ ከገረዱ ጋር ነው። ወፍጮውና ምጣዱ አብሮ ይዘምታል። ቀን ከተጓዙ በኋላ ወንዱ ድንኳን ሲተክል ሴቷ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ትፈጫለች፣ ትጋግራለች። ሰው ተኝቶ እሷ አትተኛም፤ ሰው ሳይነሣ እሷ ተነሥታለች።

እናንተ የሰሊጥና የማሽላ አገር ሰዎች ናችሁና በኩንታል እናስላው። ዓድዋ ላይ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተሰለፈው ጦር ወደ 100 ሺህ ይገመታል። ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ ዱቄት ብቻ ብንይዝለት 500 ኩንታል በቀን ይሆናል። ስንት የጭነት መኪና እንደሚሞላ ከኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ያን ጊዜ የሞተር ወፍጮ የለም፤ ያለው የድንጋይ ወፍጮና የሴት ጉልበት ነው። አንዲት ብርቱ ሴት ስትፈጭ ውላ 10 ኪሎ ብታወጣ፣ ሌላ ሥራ ሳይነኩ ለመፍጨት ብቻ 5 ሺህ ሴቶች ያስፈልጋሉ። ውኃው፣ እንጨቱ፣ ጋገራው፣ ቁስለኛውን ማጠቡ ገና አልተቆጠረም። እቴጌ ጣይቱ በውጊያው ዕለት ሴቶቹን በሺዎች አሰልፈው ውኃ ለተዋጊውና ለቁስለኛው እንዲደርስ ማድረጋቸውን ታሪክ መዝግቧል። ስለ እቴጌይቱ ተጽፏል፤ ጥሩ ነው፣ ይገባቸዋል። ገንቦውን ያዘሉት ግን በጅምላ «ሴቶች» ተብለው አልፈዋል።

መተማም ላይ እንደዚሁ ነው። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ እዚያ ቆስለው ወደቁ፤ የመተማ ዮሐንስ ከተማ ስማቸውን ይዛለች። ከዚያ በፊት ባለው ዓመት፣ በጥር 1880 ዓ.ም.፣ የሱዳኑ ደርቡሽ ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናትን ሲያቃጥል ብዙ ሴቶች ተማርከው በዚህ መንገድ ወደ ማዶ ተነድተዋል። የንጉሠ ነገሥቱም ጦር ከትግራይ፣ ከወሎ፣ ከበጌምድር ተሰብስቦ ወደዚህ ሞቃት አገር ሲወርድ ሴቶቹን ይዞ ነው የወረደው። ከደጋ የመጣች ሴት በዚህ ቆላ እሳት ፊት ተቀምጣ ስትጋግር አስቧት። ጎንደር ስንደርስ ስለ ንጉሡ እንሰማለን፣ መተማ ስንደርስ ስለ ንጉሡ እንሰማለን። ለእነዚያ ሴቶች አንድ የመታሰቢያ ድንጋይ እንኳ በከተማችን ውስጥ ቢቆም ምን ይጎድልብናል?

በ1928ቱ የጣሊያን ወረራ ግን አዲስ ነገር ታየ። የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት ተመሥርቶ፣ ልዕልት ፀሐይ ዋና አንቀሳቃሽ ሆነው፣ በአዲስ አበባ ሴቶች በአዳራሽ ተሰብስበው ለጦር ግንባር ፋሻ ይቆርጡ፣ ልብስ ይሰፉ ጀመር። ጣሊያን የመርዝ ጋዝ ሲያዘንብ ከጨርቅ የጋዝ መከላከያ ጭምብል ሠርተው ላኩ። ወደ አውሮፓው የጦርነት ፋብሪካ በጣም የቀረበው ይህ ይመስለኛል። አንዷ ትቆርጣለች፣ አንዷ ትሰፋለች፣ አንዷ ትቆጥራለች፣ አንዷ ታሽጋለች። ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመናቸው ለንደን ውስጥ በነርስነት ሠልጥነው ተመለሱ፤ በ1934 ዓ.ም. በወጣትነታቸው ዐረፉ። ከጎናቸው ተቀምጠው ጭምብሉን የሰፉት አብዛኞቹ ግን አይታወቁም።

ዕድሜያችሁ የገፋ የምትሰሙኝ ቀጥሎ የምናገረውን በዐይናችሁ አይታችሁታል። በደርግ ዘመን፣ ሚያዝያ 4 ቀን 1969 ዓ.ም.፣ የእናት አገር ጥሪ ተላለፈ። «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» ተባለ። ልጁ ወደ ታጠቅ ጦር ሰፈር፣ እናቱ ወደ ቀበሌ ስንቅ ዝግጅት። በ1972 ዓ.ም. የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር ሲቋቋም ሥራው በየቀበሌው መዋቅር ያዘ። ፈቅዳ የሠራች ነበረች፣ ስሟ ከጠፋ ትቀጣለች ተብላ ፈርታ የሠራችም ነበረች። ያን ጊዜ የሴቲቱ ስም የሚጻፈው መቅረቷን ለማወቅ ነበር፤ የሠራችውን ለመክፈል አልነበረም።

ከዚያ ወደ ቅርቡ እንምጣ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ በጎንደር፣ በባሕር ዳር፣ በዚህም ከተማ ምን ሲሠራ እንደነበረ ልንገራችሁ ብል ለአዋቂ መንገር ይሆንብኛል። ቢሆንም ልጆቹ ይስሙት፤ በሶውን ብቻ ልንገራቸው።

ገብሱ ከነጆንያው ይመጣል። መጀመሪያ ይለቀማል፤ ጠጠር ያለበት በሶ የወታደሩን ጥርስ ይሰብራልና እዚህ ላይ የምትቀመጠው ዐይኗ የሚያይ ወጣት ናት። ከዚያ በሙቀጫ ይሸከሸካል፤ ይህ የጉልበት ሥራ ነው፣ ሁለት ሁለት ሆነው እየተቀባበሉ። ገለባው በሰፌድ ይበጠራል። ቀጥሎ ሰፊ ምጣድ ተጥዶ ይታመሳል። ካነሰ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ከበዛ ይመራል፤ ስለዚህ ማመሻውን የምትይዘው ልምድ ያላት እናት ናት፣ በጭሱ ውስጥ ከምጣዱ ዐይኗን አታነሣም። ከቀዘቀዘ በኋላ ወፍጮ ቤት ይሄዳል፣ ተነፍቶ በፌስታል ይቋጠራል፣ በጆንያ ይታሸጋል። ጎን ለጎን ዳቦ ቆሎው ይቆረጣል፣ እንጀራው ተቆራርሶ ለድርቆሽ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። አለቃ አለ፣ ተራ አለ፣ የጥራት ቁጥጥር አለ፣ ተረካቢ አለ። ይህ ፋብሪካ ካልሆነ ፋብሪካ ምንድን ነው?

ጆንያው ሲታሰር በላዩ ላይ ይጻፍበታል። የቀበሌው ስም ይጻፋል፤ የላከው መሥሪያ ቤት ስም ይጻፋል፤ ስንት ኩንታል እንደሆነ ይጻፋል። በቴሌቪዥን ሲነገርም እንደዚያው ነው፤ የዚህ ወረዳ ሕዝብ ይህን ያህል ኩንታል በሶ፣ ይህን ያህል ዳቦ ቆሎ ደገፈ ይባላል። ያመሰችው፣ የሸከሸከችው፣ እጇን እሳት የፈጃት የለችም። እኔ ክፍያ ስላልተሰጣቸው አይደለም የምቆጨው፤ ለወንድሟና ለልጇ ስንቅ የምትሠራ ሴት ዋጋ አትጠይቅም። የምቆጨው ጦርነቱ ሲያልቅ፣ የጡረታ፣ የካሳ፣ የብድር፣ የመሬት ጉዳይ ሲነሣ፣ «አንቺ ምን ሠርተሻል?» ስትባል የምታሳየው ወረቀት ስለሌላት ነው።

ሦስተኛው ነጥቤ አጭር ነው፤ መራራ ግን ነው።

እውነተኛ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠሩ፣ ስማቸው በመዝገብ ያለ ሴቶችም አሉን። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካን ውሰዱ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ሲቋቋም የተሠራው ጣሊያን በጦርነት ካሳ በከፈለችው ገንዘብ ነው። ያ ሁሉ ደም ከፈሰሰ በኋላ የተገኘው ገንዘብ ለጎጃምና ለበጌምድር ሴቶች የወር ደመወዝ ያለው ሥራ አስገኘ። ፈታይ፣ ሸማኔ፣ ተቆጣጣሪ ሆነው ልጆቻቸውን ያሳደጉ፣ ጡረታ የወጡ ሴቶች አሉ። ካሳ ሲባል እንዲህ ያለው ቢሆን ደስ ይለኛል።

ያለፉት ዓመታት ጦርነት ያደረገው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። እንግሊዝ አገር ጦርነት የፋብሪካውን በር ለሴቶች ከፈተ። እኛ አገር ዘጋባቸው። ኮምቦልቻ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በጦርነት ስትያዝ ፋብሪካዎቿና የኢንዱስትሪ ፓርኳ ሥራ አቆሙ፣ ዘረፋና ውድመት ደረሰባቸው። ዓድዋ ላይ የነበረው አልሜዳ ጨርቃ ጨርቅ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች የነበሩት፣ ብዙዎቹም ሴቶች፣ በዚያው ጦርነት ወድሞ ቆመ። የኮምቦልቻዋም የዓድዋዋም ሴት ያጣችው አንድ ነው፤ የወር ደመወዟን። ጥይት ያልተሰማባት ሐዋሳ እንኳ አልቀረላትም። አሜሪካ በጦርነቱ ምክንያት አጎአ የተባለውን ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ስትነሣን፣ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሸሚዝ የሚሰፉ ልጆች ሥራቸውን አጡ። የፓርኩ ሠራተኞች አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው።

ለምን የኛ ተለየ? የእነሱ ፋብሪካ ለጦርነቱ ራሱ ያመርት ነበር፤ ጦርነቱ በበረታ ቁጥር ሥራው ይበረታል። የኛ ፋብሪካ ለውጭ ገበያ ይሰፋል፣ መንገድና ወደብ ይፈልጋል፣ የገዢ እምነት ይፈልጋል። መንገድ ሲዘጋ ጥጡ መተማና ቋራ ይቀራል፣ ክሩ ይቋረጣል፣ ከሁሉ አስቀድማ የምትቀነሰው ሠራተኛም ሴቷ ናት። እሷም ወደ መንደሯ ትመለሳለች፤ እዚያም የሚጠብቃት ያው የስንቅ ሥራ ነው፤ ደመወዝ የሌለው፣ መዝገብ የሌለው።

አሁን ወደ ደጃችን ልምጣ። ከተማችን የምትኖረው በሰሊጥ ነው።

ሥራውን ታውቁታላችሁ፤ ላላወቀው እንግዳ ግን ልበል። በሐምሌና በነሐሴ አረም አለ። በመስከረምና በጥቅምት አጨዳው ይደርሳል፤ ሰሊጥ ደግሞ ትዕግሥት የለውም፣ ቀኑ ካለፈ ቆባው ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ በየዓመቱ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጎንደር ደጋ ሳሉጉ፣ ማለትም የወቅት ሠራተኛው፣ በአይከል፣ በነጋዴ ባሕር አድርጎ ይወርድ ነበር። ታጭዶ ይታሰራል፣ ነዶው በክምር፣ በሂላ፣ ይቆማል፣ ሲደርቅ ይራገፋል፣ ወደ መጋዘን ይገባል፣ ይበጠራል፣ ይመዘናል፣ ወደ ምርት ገበያ ይሄዳል። ሴት ድሮም ከዚህ ሥራ ርቃ አታውቅም፤ ምግብ አብሳይ ናት፣ አራሚ ናት፣ አበጣሪ ናት። አጨዳው ግን በአብዛኛው የወንድ ነበር።

ጦርነቱ ይህን ለወጠው። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ወንዱ ሲዘምት፣ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልላችን ውስጥ ግጭቱ ሲቀጥል፣ ሳሉጉ እንደ ድሮው አይመጣም። ማዶም ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሣ ብዙ ሺህ ሰው በመተማ በኩል ገባ፤ ሱዳናውያን እህቶቻችን ወደ ኩመርና ወደ አውላላ መጠለያ፣ ካርቱምና ገዳሪፍ ሠርተው ይኖሩ የነበሩ የኛ ልጆች ደግሞ ባዶ እጃቸውን ወደ አገር ቤት። በዚህ ሁሉ መካከል ሰሊጡ ይደርሳል። ማጭድ የያዘችው ሴት ናት።

ባለፈው ምርት ጊዜ አንድ መጋዘን ገብቼ ነበር። ሴቶቹ በሁለት ረድፍ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ወንፊቱ ሲወዘወዝ አቧራው ይነሣል፣ ሁሉም በነጠላቸው ጫፍ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነዋል። አንዷ ልጇን አዝላ ታበጥራለች፤ ወንፊቱ ወዲህ ወዲያ ሲል ልጁም አብሮ ይወዛወዛል። አጠገቧ ተቀምጬ ከየት እንደመጣች ጠየቅኋት። ከደንቢያ በኩል ናት። ባሏ ከሄደ ወሬው ጠፍቷል።

«እትዬ፣ ድሮ አጨዳ የሚወርደው እሱ ነበር፤ እኔ ስንቁን ቋጥሬ ነበር የምሸኘው» አለችኝ። «ዘንድሮ ስንቁንም እኔው ቋጠርኩት፣ ማጭዱንም እኔው ያዝኩት። አጨዳው ሲያልቅ ወደዚህ ገባሁ።»

«የሚከፈልሽ እንዴት ነው?»

«በኩንታል ነው። ካቦው ይቆጥራል።»

«ስምሽ የት ተጻፈ?»

ቀና ብላ አየችኝ። «የሚጻፈው የካቦው ስም ነው እንጂ የኛ ለምን ይጻፋል?» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ጥያቄዋ ከጆሮዬ አልወጣም። ለምን ይጻፋል ብላ ጠይቃኛለችና ዛሬ በእናንተ ፊት ልመልስላት።

እህቴ፣ ስምሽ የሚጻፈው ካቦው የቆጠረውን ኩንታል ቢያሳንስ የምትከራከሪበት እንዲኖርሽ ነው። ስምሽ የሚጻፈው ብትታመሚ ነው። አጨዳው ላይ ያደረች ሴት በዚህ ዋልካ መሬት፣ በግራሩ ሥር፣ የአሸዋ ዝንብ ነክሷት ካላዛር ሊይዛት ይችላል። ድሮ ይህ በሽታ በብዛት የሚያጠቃው በማሳ የሚያድረውን ወንድ ነበር፤ አሁን ማሳው ላይ ያለችው እሷ ናት። ሕክምናው አለ፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የካላዛር ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለው። ግን ሕክምናው ሳምንታት ይወስዳል፤ በነዚያ ሳምንታት ልጇ ምን ይበላል? ሥራ ላይ ሳለች ታመመች ለማለት መጀመሪያ ሥራ ላይ እንደነበረች መታወቅ አለበት።

ይህ የኔ ምኞት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አለ። በጽሑፍ ያልተደረገ የሥራ ውል ቢኖር አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር ጽፎ፣ ፈርሞ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። የወቅታዊ ሥራ ውልም ውል ነው። ያው አዋጅ ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ሰጥቷል። ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋምም ይላል። ሕጉ ተጽፏል፤ ያልተጻፈችው ሴቲቱ ናት።

ስለዚህ በዚህ አዳራሽ ላላችሁ ባለ መጋዘኖችና ባለ እርሻዎች በግልጽ እናገራለሁ። አብዛኞቻችሁን አውቃለሁ፤ ልጆቻችሁን አስተምሬያለሁ። ዘንድሮ መንገዱ እንደተዘጋባችሁ፣ ጭነታችሁ እንደቆመ፣ ኪሳራ እንዳለባችሁ አውቃለሁ። የምጠይቃችሁ ግን ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነው፤ አንድ ደብተር። የእያንዳንዷን ሠራተኛ ስም፣ የገባችበትን ቀን፣ ያበጠረችውን ኩንታል፣ የተከፈላትን ብር ጻፉበት፤ እሷም ታንብበው፣ ማንበብ ካልቻለች ልጇ ያንብብላት፣ ትፈርምበት። ሰሊጡ ምርት ገበያ መጋዘን ሲደርስ ክብደቱ፣ ደረጃው፣ የባለቤቱ ስም በወረቀት ይሰፍራል። ለፍሬው የምናደርገውን ለሰውዋ እናድርግላት።

የወረዳና የዞን ኃላፊዎቻችን፣ ለእናንተም አለኝ። የስንቅ ዝግጅት ሲደረግ ሪፖርት ትጽፋላችሁ፤ ኩንታሉን ትቆጥራላችሁ። ከኩንታሉ ጎን የሠሩትን እናቶች ስም ዝርዝር አያይዙ። ነገ ለዘማች ቤተሰብ ድጋፍ ሲታሰብ፣ ለተጎጂ ካሳ ሲታሰብ፣ ለሴቶች ብድር ሲታሰብ ያ ዝርዝር ማስረጃ ይሁን። መዝገብ ለቅጣት ብቻ የወጣበትን ዘመን አይተናል፤ መዝገብ ለመብት የሚወጣበትን ደግሞ እንየው።

ከማዶ ለመጣችሁት እህቶቼም አንድ ቃል። ከእናንተ መካከል አስተማሪ የነበረች፣ ነርስ የነበረች፣ ልብስ ሰፊ የነበረች አለች። እዚህ ስትደርሱ «ስደተኛ» ከሚለው ውጭ የተጻፈላችሁ ሙያ ላይኖር ይችላል። ሙያችሁን ንገሩን፤ የኛም ሴቶች ሥራቸውን ማስመዝገብ ሲጀምሩ የእናንተ ሙያ አብሮ ይመዝገብ።

ንግግሬ እዚህ ላይ ይበቃል። በሩ ጋ ጠረጴዛ ላይ አንድ ትልቅ ደብተር አስቀምጫለሁ፤ ሁለት ተማሪዎቼ እስክሪብቶ ይዘው አጠገቡ ይቀመጣሉ። በ1969ም ይሁን በ2013፣ በየትኛውም ጦርነት ስንቅ የሠራችሁ፣ ፋሻ የቆረጣችሁ፣ ባላችሁ ዘምቶ ማጭድ የያዛችሁ፣ ስማችሁን ንገሯቸው። የእናታችሁን ወይም የአያታችሁን ሥራ የምታውቁም የእሷን ስም አስጽፉ። ስም፣ ቦታ፣ የሠራችው ሥራ፤ ይህ ብቻ ይበቃል። የሞላውን ደብተር ለዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ አስረክባለሁ፤ አንድ ቅጂ ትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይቀመጣል።

አሁን ጥያቄና አስተያየት እንቀበላለን። ዕድሉ በመጀመሪያ ከኋላ ለተቀመጡት እናቶች ይሰጥልኝ።